የከርሰ ምድር ሙቀትን በጋራ መጠቀም፦ ምንነቱ፣ አሠራሩና ማኅበረሰቡ አስቀድሞ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጉዳዮች

የከርሰ ምድር ሙቀት ሲነሣ በአብዛኛው የሚታሰበው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጨት ነው። በአገራችንም በአሉቶ ላንጋኖ እ.ኤ.አ. በ1998 ሥራ የጀመረውና 7.3 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም የነበረው ጣቢያ በቀዳሚነት ይጠቀሳል። ይሁን እንጂ ሙቀቱን ወደ ኤሌክትሪክ ሳይለውጡ ቤት ለማሞቅና ለማቀዝቀዝ፣ ምርት ለማድረቅ ወይም ወተት ለማሞቅ በቀጥታ መጠቀም ይቻላል። በርካታ ተጠቃሚዎች በአንድ የቧንቧ መስመር ተያይዘው ወጪውንና ጥቅሙን ሲጋሩ የጋራ የሙቀት መረብ ይባላል።

ሁለቱ የሙቀት ዓይነቶች

የመጀመሪያው እንደ ስምጥ ሸለቆ ባሉ አካባቢዎች ከጥልቅ ምድር የሚገኝ ፍል ውኃና እንፋሎት ነው። በአሜሪካ የአይዳሆ ግዛት የቦይዚ ከተማ ነዋሪዎች ከ1890ዎቹ ጀምሮ ቤታቸውን በፍል ውኃ ያሞቃሉ። በአይስላንድም ከአሥር ቤቶች ዘጠኙ ያህሉ የሚሞቁት በዚሁ ሀብት ነው።

ሁለተኛው ፍል ውኃ አያስፈልገውም። ከምድር ወለል ጥቂት ሜትሮች ዝቅ ሲባል የአፈሩ ሙቀት በክረምትም በበጋም ብዙ አይለዋወጥም። እህሉን በጉድጓድ የሚያከማች አርሶ አደር ይህን የመሬት ጠባይ ያውቀዋል። በተቆፈሩ ጉድጓዶች ውስጥ በተዘረጋ ዝግ ቧንቧ ፈሳሽ ይዘዋወራል፤ በየሕንፃው የሚተከል ሂት ፓምፕ የተሰኘ መሣሪያም በብርድ ጊዜ ሙቀቱን ከፈሳሹ ወደ ክፍሉ፣ በሙቀት ጊዜ ደግሞ ከክፍሉ ወደ መሬት ያሸጋግራል። መሣሪያው በኤሌክትሪክ ቢሠራም በተለመደው አሠራር ከሚወስደው ኃይል ከሦስት እስከ አራት እጥፍ የሚሆን ሙቀት ይሰጣል።

በጋራ መሆኑ ለምን ይጠቅማል?

ተጠቃሚዎች ሙቀት የሚፈልጉበት ጊዜ ይለያያል። የአንዱ ማቀዝቀዣ መጋዘን የሚያስወጣው ሙቀት ለሌላው የገላ መታጠቢያ ውኃ ሊውል ይችላል። በዚህም የጉድጓዶቹ ብዛትና የቁፋሮው ወጪ ይቀንሳል።

በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት፣ በፍሬሚንግሃም ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ሥራ የጀመረው መረብ መኖሪያ ቤቶችንና የንግድ ሕንፃዎችን ጨምሮ 36 ያህል ሕንፃዎችን ያገናኛል። የዘረጋውም የጋዝና የመብራት አገልግሎት የሚሰጥ ኩባንያ ነው። የአገሪቱ የኃይል ሚኒስቴር በ2023 ለ11 ማኅበረሰቦች የጥናትና የንድፍ ድጋፍ ሲሰጥ የአካባቢው ማኅበረሰብ፣ የሠራተኛ ማሠልጠኛ ተቋማትና የቴክኒክ ባለሙያዎች በአንድ ቡድን እንዲቀርቡ ጠይቋል። ቧንቧ የሚዘረጋና የሚጠግን ሰው ከሌለ መረቡ አይዘልቅምና።

ለአርሶ አደሩ የሚቀርበው ምሳሌ

በጎረቤት ኬንያ፣ በናይቫሻ አካባቢ የሚገኘው የኦሴሪያን የአበባ እርሻ በከርሰ ምድር ሙቀት የአበባ ማሳደጊያ ቤቶቹን ሲያሞቅ ቆይቷል። ሌሊት የሚለቀቀው ሙቀት የአየሩን እርጥበት ስለሚቀንስ በፈንገስ የሚመጣ በሽታ ይቀንሳል። በሜኔንጋይ ደግሞ ወተት ለማሞቅ፣ ዓሣ ለማርባትና ልብስ ለማጠብ የሚያገለግሉ ማሳያዎች ተሠርተዋል።

ማኅበረሰቡ አስቀድሞ ምን ይጠይቅ?

አንደኛ፣ ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ ተጠቃሚ አለው ወይ? በደጋ ከተሞቻችን አብዛኛው ቤት ማሞቂያ ስለሌለው ለመኖሪያ ብቻ የሚዘረጋ መረብ ወጪውን ለመመለስ ይቸገራል። ሆስፒታል፣ የተማሪዎች ማደሪያ፣ ሆቴል ወይም የወተት ማቀነባበሪያ በቅርብ ርቀት ካሉ ግን ስሌቱ ይለወጣል።

ሁለተኛ፣ ከመሬቱ በታች ምን አለ? ያለ ሥነ ምድር ጥናት የሚቆፈር ጉድጓድ ገንዘብ ያባክናል።

ሦስተኛ፣ የሚወጣው ውኃ የት ይፈስሳል? የስምጥ ሸለቆ ፍል ውኃ ብዙውን ጊዜ ጥርስንና አጥንትን የሚጎዳ ከፍተኛ ፍሎራይድ ስላለው ከመጠጥ ውኃና ከመስኖ ሊለይ፣ ከተቻለም ወደ መሬት ሊመለስ ይገባል።

አራተኛ፣ ባለቤቱ ማን ነው? የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ማዘጋጃ ቤት ወይስ ኩባንያ? ታሪፉን የሚወስነው፣ ፓምፑ ሲበላሽ የሚጠግነውና መሬቱ የሚቆፈርበት አርሶ አደር የሚያገኘው ካሳ በጽሑፍ ካልሰፈረ የጋራ የተባለው ሀብት የጥቂቶች ሆኖ ይቀራል።

እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ቁፋሮ መጠበቅ አያስፈልግም። የቀበሌ ነዋሪዎች ወይም የማኅበር አባላት በየወሩ ለማገዶ፣ ለከሰልና ለመብራት የሚያወጡትን ወጪ መዝግበው ቢይዙ ከባለሙያ ጋር የሚነጋገሩበት የመጀመሪያው መረጃ በእጃቸው ይሆናል።