አካፋ የያዘው ሰውዬ

ፒያሳ ሲባል ለእኛ ለአዲስ አበቤዎች አራዳ ነው። ቃሉ ግን ጣልያንኛ ነው፤ አደባባይ ማለት። ሮም ውስጥም ፒያሳ ዴል ፖፖሎ የሚባል ሰፊ አደባባይ አለ። በስተሰሜን ጠርዙ፣ ከጥንቱ የከተማዋ በር አጠገብ፣ ሳንታ ማሪያ ዴል ፖፖሎ የምትባል አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። ስሟ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የሕዝቡ ቅድስት ማርያም» እንደማለት ነው። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለእሷ ነው።

ቤተ ክርስቲያኗን እ.ኤ.አ ከ1472 እስከ 1477 እንደ አዲስ ያሳነፁት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቱስ አራተኛ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የሮም ባለጸጎች በውስጧ የመቃብር ጸሎት ቤት ማሠራት ጀመሩ። ባለ ባንኩ አጎስቲኖ ኪጂ የራሱን በራፋኤል አስነደፈ። ይሁንና ሁለቱም በ1520 በቀናት ልዩነት ሞቱ፤ ሥራውን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የጨረሰው በርኒኒ ነው።

በ1600 ደግሞ የጳጳሱ ግምጃ ቤት ሹም ቲቤሪዮ ቼራዚ ተራውን ያዘ። የመንበሩን ሥዕል ለአኒባሌ ካራቺ፣ የግራና የቀኙን ለካራቫጆ ሰጠ። እሱ ግን አልቆ ሳያየው በ1601 ሞተ።

የካራቫጆ ታሪኮች ለእኛም አዲስ አይደሉም። በአንደኛው ሳውል በደማስቆ መንገድ ላይ ወድቋል። በሐዋርያት ሥራ ፈረስ አልተጠቀሰም፤ እዚህ ግን ሸራውን የሞላው ፈረስ ነው። ሳውል ከሥሩ ተዘርሮ እጆቹን ከፍቷል። መልአክ የለም፤ ብርሃን ብቻ።

በሁለተኛው ጴጥሮስ ቁልቁል ሊሰቀል ነው። አንዱ ሠራተኛ ገመድ ይስባል፣ ሌላው እንጨቱን አቅፏል፣ ሦስተኛው አካፋውን እንደያዘ ከሥር ገብቶ በጀርባው ይገፋል። የሚታየን ፊቱ ሳይሆን መቀመጫውና የቆሸሸ ውስጥ እግሩ ነው። ሦስቱም ጨካኝ አይመስሉም፤ ከባድ ዕቃ የሚያነሱ የቀን ሠራተኞች ናቸው። እኛን ያስደነገጠንም ይኸው ነው። ግፍ ሁልጊዜ በክፉ ሰው ፊት አይመጣም፤ አንዳንዴ የታዘዘውን ሠርቶ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ነው የሚፈጽመው።

ገንዘቡ የሹሙ ነበር፣ ጸሎት ቤቱም እስካሁን የሚጠራው በእሱ ስም ነው። ከ400 ዓመት በኋላ ግን ዓይናችን የሚያርፈው ስሙን በማናውቀው ባለ አካፋ ላይ ነው። ሥዕሎቹ ዛሬም ወደ ሙዚየም ሳይሄዱ እዚያው ተሰቅለዋል። ሮም ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ በፒያሳ ዴል ፖፖሎ ስታልፉ ጎራ በሉና እግሩን እዩልን።