የተቆጣጣሪ ጂኖች ሚና በበቆሎ ፍሬ ፕሮቲንና በአበባው ዕድገት

በበቆሎ ፍሬ ውስጥ ከሚገኘው ፕሮቲን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ዜይን የሚባል ሲሆን፣ ተግባሩም ችግኙ ሥር ሰዶ ራሱን እስኪችል ድረስ የሚመገበውን ናይትሮጅን ማከማቸት ነው። ለችግኙ የሚበቃው ይህ ስንቅ ግን በቆሎን ዋና ምግቡ ላደረገ ሰው ጎዶሎ ነው፤ ምክንያቱም የሰው አካል ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው ላይሲንና ትሪፕቶፋን የተባሉት አሚኖ አሲዶች በዜይን ውስጥ የሉም ለማለት ይቻላል።

ይህን ሚዛን የሚለውጥ መንገድ እንዳለ ያመለከቱት በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ኤድዊን መርትዝ፣ ሊን ቤትስና ኦሊቨር ኔልሰን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጡት ጥናት እንደገለጹት፣ ኦፔክ-2 በተባለው ጂን ላይ ለውጥ የደረሰበት በቆሎ፣ ፍሬው ብርሃን የማያሳልፍና ኖራ መሰል ቢሆንም፣ በስንቅ ማከማቻው ክፍል (በኢንዶስፐርሙ) ያለው ላይሲን ከመደበኛው በ69 በመቶ ይበልጣል። ጂኑ በ1987 ተለይቶ ሲጠና፣ ራሱ ዜይን የሚሠራ ሳይሆን፣ ከሌሎች ጂኖች መነሻ ላይ እየተጣበቀ ሥራቸውን የሚያስጀምር ተቆጣጣሪ ፕሮቲን የሚሰጥ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ሲጠፋ በተለይ 22 ኪሎዳልተን የሚመዝኑት አልፋ ዜይኖች ይመነምናሉ፣ በላይሲን የበለጸጉ ሌሎች ፕሮቲኖች ይበረክታሉ፣ ላይሲንን የሚሰባብረው ኢንዛይምም ይዳከማል።

ጥቅሙ ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም፤ ልል የሆነው ፍሬ በቀላሉ የሚሰበርና ለነቀዝ የሚጋለጥ ሲሆን ምርቱም አነስተኛ ነበር። በሜክሲኮ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል (ሲሚት) ሱሪንደር ቫሳልና ኢቫንጀሊና ቪሌጋስ የተቆጣጣሪውን ለውጥ እንዳለ ይዘው፣ ጥንካሬን የሚመልሱ አጋዥ ጂኖችን በማዳቀል አከማቹ። ከእነዚህ አጋዦች ዋነኛው የ27 ኪሎዳልተን ጋማ ዜይንን መጠን የሚያሳድገው ነው። በውጤቱ የተገኘው ጥራት ያለው ፕሮቲን የያዘ በቆሎ ሁለቱን ተመራማሪዎች በ2000 ለዓለም የምግብ ሽልማት አብቅቷቸዋል፤ በኢትዮጵያም የባኮና የመልካሳ የምርምር ማዕከላት ከዚህ ዓይነት በቆሎ የተገኙ ዝርያዎችን ለገበሬው አቅርበዋል።

በአበባው ላይም ተመሳሳይ አሠራር ይታያል። በአናቱ ያለው ወንዴ አበባና በአገዳው ጎን የሚወጣው ሴቴ ራስ ሲጀምሩ የሁለቱንም ጾታ አካላት የያዙ ሲሆኑ፣ ልዩነቱ የሚመጣው አንደኛው ወገን ዕድገቱ ሲቋረጥ ነው። ሲልኪ-1 የተባለው ተቆጣጣሪ ጂን ሥራውን ሲያቆም፣ ብናኝ አምራች አካላት ሊወጡበት በሚገባው ቦታ ጸጉር ያወጡ ሴቴ አካላት ይበቅላሉ። ዛግ-1 የተባለው ሲጎድል ግን የሴቴ አበባው ዕድገት ማብቂያውን አጥቶ ተጨማሪ አካላትን ሲደራርብ፣ ወንዴው አካል በአብዛኛው ሳይጎዳ ይቀራል፤ ይህም የቅርብ ዘመዱ የሆነው ዜድኤምኤም-2 በወንዴው በኩል ሥራውን ስለሚሸፍን እንደሆነ ይታመናል።

እንግዲህ ኦፔክ-2ም ሆነ ዛግ-1 የሚያስረዱት፣ የአንድ ተቆጣጣሪ ጂን ለውጥ የሚያስከትለው ውጤት በጂኑ ብቻ የሚወሰን አለመሆኑን ነው፤ በዙሪያው ያሉት ጂኖች ጉዳቱን ሊጠግኑ ወይም ሊሸፍኑ ይችላሉና። በመሆኑም ተፈላጊውን ለውጥ ያገኘ አዳቃይ፣ ለውጡ የሚያስከትለውን ጉድለት የሚያቃልሉ አጋዥ ጂኖችን ከመጀመሪያው ጀምሮ አብሮ መምረጥ ይጠበቅበታል።