ካሣና ቅጣት፤ ከካርቲየ 5 እስከ ወንጀል ሕጋችን

ሰው ሲገደል ዕዳው ለማን ነው? ለመንግሥት ነው ወይስ ለሟች ቤተሰብ? ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከጅቡቲ ከተማ ሠፈሮች አንዱን፣ ካርቲየ 5ን፣ መነሻ ብናደርግ ይጠቅመናል። ፈረንሳዮች ከአውሮፓውያኑ መኖሪያ ለይተው ለአገሬው ሰው የከለሏቸውን ሠፈሮች በስም ፋንታ በቁጥር ጠሯቸው። በወደቡና በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰው የምድር ባቡር ሥራ ፍለጋ የመጣው አርብቶ አደር ግን ሕጉን ይዞ ነው የገባው።

የኢሳ ሶማሌዎች ሕግ ሔር ኢሴ ይባላል። በቃል የሚተላለፍ ሲሆን 44 ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው እንደ ደነገጉት ይነገራል። የበላይ ጠባቂው ኡጋስ ነው። በሶማሌ ልማድ የአንድ ወንድ ደም ካሣ 100 ግመል ነው፤ በከተማ በገንዘብ ይተመናል። የሚያዋጣው ገዳዩ ብቻውን ሳይሆን ወገኑ በሙሉ ነው። ጎረምሳው ጩቤ ሲመዝ የሚከስሩት አጎቶቹ ስለሆኑ አስቀድመው ይገሥጹታል፤ ይህ ከብዙ ዘበኛ ይበልጣል።

ፈረንሳዮች ባመጡት ሕግ ግን ገዳዩ ወኅኒ ይወርዳል። እርግጥ ነው፣ ሕጉ ተበዳዩ በዚያው ችሎት ካሣ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ ቅጣቱ ዕዳውን የሚከፍለው ለመንግሥት ነው፤ ገዳይ ስለታሰረ የሟች ልጆች አይጠግቡም።

በደጋው ኢትዮጵያም ነገሩ እንግዳ አልነበረም። ገዳይ ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ሲሰጥ፣ እነርሱ ደም መመለስን ወይም ጉማ መቀበልን ይመርጡ ነበር። የስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቅጣትን የመንግሥት ብቻ አደረገ፤ ተበዳዩ ግን የካሣ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር እንዲያቀርብ ፈቀደ። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ይህንኑ ተከተለ። መምህራን አንቀጽ 1ን ገልጠው ለተማሪዎች ቢያነቡ፣ ማስጠንቀቅን፣ መቅጣትንና ማረምን ያገኛሉ፤ ካሣን አያገኙም። ካሣ ርቆ አንቀጽ 101 ላይ ተቀምጧል። አንቀጽ 102 ደግሞ ካሣው የማይከፈል መስሎ ሲታይ፣ ፍርድ ቤቱ ከመቀጫው ገንዘብ ለተበዳዩ ሊያዝለት እንደሚችል ይናገራል። በእኛ አስተያየት ይህ አንቀጽ ካለው ክብር በታች ነው የሚታወቀው።

ሔርንም እንከን የለሽ አድርገን ልናቀርብ አንሻም። በሶማሌ ልማድ የሴት ካሣ የወንድ ግማሽ ነው። ጎሣ ሲከፍል የገዳዩ የግል ጥፋት ይደበዝዛል። ከሁሉ የሚያሳስበን ግን የሚያዋጣለትም የሚጠይቅለትም ወገን የሌለው ሰው ነው። በእንደ ካርቲየ 5 ባለ የወደብ ከተማ ሠፈር፣ ከኢትዮጵያ ደጋ ወርዶ የቀን ሥራ የሚሠራ ሰው ቢገደል ማን ከዛፉ ሥር ይቆምለታል? የሶማሌ ልማድ እንግዳን ከሴቶች፣ ከሕፃናትና ከሽማግሌዎች ጋር ብረት ከማይነሣባቸው ይቆጥረዋል፤ ያም ቢሆን የተቀበለው ባለቤት ሊኖር ይገባል። ለእንዲህ ያለው ሰው ዘሩን ሳይጠይቅ የሚከሰው ዐቃቤ ሕግ ይሻለዋል።

ዩኔስኮ ሔር ኢሴን በኅዳር 2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ የጋራ ቅርስነት መዝግቦታል።