ለጭራቁ የራራ ተዋናይ

ስለ ቦሪስ ካርሎፍ የሚያወራ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳያነሣ አያልፍም። በፊልም ሰው የሚያርበደብደው ያ ተዋናይ በኑሮው ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር፣ ጽጌረዳ ሲኮተኩት የሚውል፣ ክሪኬት የሚወድ ትሑት እንግሊዛዊ ነበር ይላሉ። አብረውት የሠሩ ሰዎች ይህንኑ ደጋግመው መስክረዋል። እኔ የማልስማማው ሁለቱን ሰዎች ለያይቶ በማየቱ ላይ ነው። በፍራንከንስታይን ፊልም የተጫወተው ጭራቅ በተመልካች ልብ ውስጥ የቀረው ካርሎፍ ደግ ሰው ስለነበረ ነው ብዬ አምናለሁ። ርኅራኄውን ቤቱ ትቶ ወደ ስቱዲዮ የገባበት ቀን ያለ አይመስለኝም።

ወላጆቹ ያወጡለት ስም ዊሊያም ሄንሪ ፕራት ነው። በ1887 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኅዳር ወር ላይ በደቡብ ለንደን ተወለደ። አባቱ በእንግሊዝ ትገዛ በነበረችው ህንድ የጨው ቀረጥ ባለሥልጣን ነበሩ፤ በቤተሰቡ ውስጥ የህንድ ደም ነበረበትና ልጁ ከእኩዮቹ ጠየም ያለ ነበር። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደነበረ መገመት አያዳግትም። በሕፃንነቱ ወላጆቹን አጥቶ ታላላቆቹ አሳደጉት። ይንተባተብ ነበር፤ አንደበቱም ኮልታፋ ነበር፤ እግሮቹ ደግሞ ጎበጥ ያሉ ነበሩ። ወንድሞቹ በመንግሥት ሥራ ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሄዱ ስለነበሩ እሱም ዲፕሎማት እንዲሆን ታስቦ ነበር። እሱ ግን ልቡ ከመድረክ ላይ ነበርና በ1909 ትምህርቱን አቋርጦ በመርከብ ወደ ካናዳ ተሻገረ።

ካናዳ ውስጥ በእርሻ ሠራ፤ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ያገኘውን የጉልበት ሥራ ሁሉ ሞከረ። ከዚያ ከከተማ ወደ ከተማ የሚዞር የቲያትር ቡድን ውስጥ ገባ፤ ቦሪስ ካርሎፍ የሚለውን ስም ያወጣውም በዚሁ ጊዜ ነው። ለቤተሰቡ ስም ተጨንቆ እንደሆነ ብዙዎች ይገምታሉ። ዓመታት እንዲህ አለፉ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ገደማ ሆሊውድ ደረሰ።

ሆሊውድ ግን አልጠበቀውም። ያ ዘመን ድምፅ አልባው ፊልም የነገሠበት ነበር። ካርሎፍ ከኋላ የሚቆም አጃቢ ሆነ፤ ጠይም ፊቱን አይተው አንዴ አረብ፣ አንዴ ህንዳዊ፣ አንዴ የሜክሲኮ ሽፍታ አደረጉት። ሥራ ሲጠፋ የግንባታ ዕቃ የሚያመላልስ ጭነት መኪና ይነዳ ነበር። የአስፈሪ ፊልም ንጉሥ በወቅቱ ሎን ቼኒ ነበር። ቼኒ መስማትና መናገር ከማይችሉ ወላጆች የተወለደ በመሆኑ ስሜትን በእጅና በፊት መግለጽ ከልጅነቱ የተማረ ሰው ነው። ካርሎፍ ሲያስታውስ፣ አንድ ቀን ቼኒ በመኪናው አሳፈረውና ሌላው ሰው ሊሠራው የማይችለውን ወይም የማይፈልገውን ነገር ፈልጎ እንዲይዝ መከረው። ምክሩን በተግባር ለማዋል ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። ቼኒ በ1930 ሲሞት ካርሎፍ ገና የማይታወቅ ተዋናይ ነበር።

በ1931 አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበረች። ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ በዚያው ዓመት መጀመሪያ በድራኩላ ፊልም ገበያ አግኝቶ ስለነበር ፍራንከንስታይንን ለማስከተል ቸኮለ። ድራኩላን የተጫወተው ሀንጋሪያዊው ቤላ ሉጎሲ፣ ንግግር የሌለውንና ፊቱ በሜካፕ የሚሸፈነውን የጭራቁን ገጸ ባሕርይ አልወደደውም። እንግሊዛዊው ዳይሬክተር ጄምስ ዌል ካርሎፍን በስቱዲዮው ምግብ ቤት አይቶት ጠራው። የራስ ቅሉ ቅርጽ ማርኮት ነበር። ካርሎፍ ያን ጊዜ አርባ አራተኛ ዓመቱን ሊይዝ ነው፤ ብዙ ተዋንያን ተስፋ ቆርጠው ሌላ ሥራ የሚይዙበት ዕድሜ ነው።

የሜካፕ ባለሙያው ጃክ ፒርስ በየማለዳው አራት ሰዓት ያህል እየፈጀ ያን ጠፍጣፋ ግንባርና በብሎን የተወጋ አንገት ሠራ። ካርሎፍ የራሱን ሁለት ነገር ጨመረበት። የጎን ሰው ሠራሽ ጥርሱን አወለቀና ጉንጩ ወደ ውስጥ ገባ። ዐይኖቹ እጅግ ንቁ ሆነው ስለታዩት ደግሞ ቆቦቻቸው በሰም እንዲከብዱ ጠየቀ። ይህ ትንሽ ሐሳብ ፊልሙን አድኖታል ባይ ነኝ። እነዚያ የከበዱ ዐይኖች ከእንቅልፉ ገና የነቃ፣ የት እንዳለ ያልገባው ፍጡር ዐይኖች ናቸው። ጣሪያው ተከፍቶ ብርሃን ሲወርድበት ጭራቁ ሊጨብጠው ሁለት እጁን ወደ ላይ ይዘረጋል፤ ብርሃኑ ሲዘጋበት እነዚያው እጆች ባዶ ቀርተው ይለምናሉ። አንድም ቃል አይናገርም። ተመልካች ከዚህ በኋላ ጭራቁን ሊፈራው ይችላል፤ ሊጠላው ግን አይችልም።

የዚህን ሰው ጠባይ የሚናገር ከቀረጻው የቀረ አንድ ታሪክ አለ። ጭራቁ ሐይቅ ዳር ማሪያ ከምትባል ሕፃን ጋር ይገናኛል። ሳትፈራው አበባ ትሰጠዋለች፤ አበባውን አንድ በአንድ ውኃ ላይ እየጣሉ ይጫወታሉ። አበባው ሲያልቅበት እሷም የምትንሳፈፍ መስሎት አንሥቶ ይወረውራታል። ካርሎፍ አወራወሩን ተቃውሞ ነበር፤ ጭራቁ በዚያ ዓይነት ጭካኔ መታየት የለበትም ብሎ ከዌል ጋር ተከራክሯል። ዌል ግን አልተመለሰም። ማሪያን የተጫወተችው ማሪሊን ሃሪስ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ወደ ቀረጻው ስፍራ በሚኬድበት ዕለት ሜካፑን ተቀብቶ፣ ያን ሁሉ ለብሶ የቆመውን ካርሎፍ አይታ አልሸሸችም፤ ወደ እሱ ሄዳ ከእሱ ጋር በአንድ መኪና ልሂድ ብላ ጠየቀች፤ አብረውም ሄዱ። ሕፃን የሰውን ልብ በምን እንደምታነብ አላውቅም፤ ማሪሊን ግን በትክክል አንብባለች።

የሳንሱር ሰዎች የመወርወሩን ትዕይንት ቆረጡት። ቆራጩ ክፋትን የሚያስወግድ መስሎት ነበር፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ሆነ። ጭራቁ እጁን ወደ ልጅቱ ሲዘረጋ ፊልሙ ይቋረጥና ቀጥሎ አባቷ ሬሳዋን ተሸክሞ ሲመጣ ይታያል፤ ተመልካቹ ከሆነው የከፋ ነገር ይገምታል። የተቆረጠው ክፍል ወደ ቦታው የተመለሰው በ1980ዎቹ ነው። ፊልሙን ዛሬ የሚያይ ሰው ሙሉውን ቅጂ እንዲፈልግ አጥብቄ እመክራለሁ።

በፊልሙ መግቢያ ላይ በጭራቁ ስም ትይዩ የተጻፈው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነበር። ካርሎፍ ለቅድመ ዕይታው እንኳ አልተጠራም። ፊልሙ ሲወጣ ግን ከሁሉ በፊት ዝነኛ የሆነው እሱ ነው። ካርሎፍን በሕይወቱ ሙሉ ያስደሰተው ነገር ደግሞ የልጆች ደብዳቤ ነበር፤ ለጭራቁ አዝነው ይጽፉለት ነበር። በኋላም ስለዚያ ገጸ ባሕርይ ሲጠየቅ እንደ ባለውለታ ወዳጅ እንጂ እንደ ሸክም ቆጥሮት አያውቅም።

ዝናው ግን በወገቡ ዋጋ የመጣ ነበር። በሞቃቱ የካሊፎርኒያ በጋ በወፍራም ልብስና በከባድ ጫማ ሠርቷል፤ ወደ ፊልሙ የንፋስ ወፍጮ በሚወስደው ኮረብታ ላይ ተዋናዩን ኮሊን ክላይቭን ተሸክሞ በተደጋጋሚ ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ የጀርባ ሕመም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተለየውም። አንድ ጊዜ 25 ሰዓት ያህል ያለ ዕረፍት እንዲሠራ ተደርጓል። በዚያ ጊዜ ይህን የሚከለክል ደንብ አልነበረም። በ1933 መጋቢት ስቱዲዮዎቹ በኮንትራት የያዟቸውን ሰዎች ደመወዝ ለሳምንታት በግማሽ ሲቆርጡ የተዋንያን ትዕግሥት አለቀ። ጥቂት ሰዎች በየቤቱ በድብቅ መሰብሰብ ጀመሩ፤ ካርሎፍ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት የፊልም ተዋንያን ማኅበር ተመሠረተ፤ የካርሎፍ የአባልነት ቁጥር 9 ነው። ስሙ ገና በወጣ ማግሥት፣ አንድ የስቱዲዮ አለቃ ፊቱን ቢያዞርበት እንጀራው እንደሚቋረጥ እያወቀ ገባበት። ለዓመታት በአመራሩ ውስጥ አገልግሏል። ስቱዲዮዎቹ ለማኅበሩ እውቅና የሰጡት በ1937 ነው። የካርሎፍ ደግነት ሲነሣ አበባና ሻይ ብቻ የሚወራበት ምክንያት አይገባኝም፤ ለስም አልባው አጃቢ የምሳ ሰዓትና የዕረፍት ሰዓት እንዲኖረው የታገለ ሰው ነበር። በነገራችን ላይ ሉጎሲም ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዱ ነው፤ ሀንጋሪ ውስጥ ተዋንያንን በማደራጀቱ በ1919 አብዮቱ ሲከሽፍ ለመሰደድ የተገደደ ሰው ነበር።

በዚያው 1933 ካርሎፍ ለፊልም ሥራ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ከሄደ ሃያ አራት ዓመት ሆኖታል። በባለሥልጣን ወንድሞቹ ፊት ምን ይባል ይሆን ብሎ ተጨንቆ ነበር። አንደኛው ሰር ጆን ፕራት በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የተከበሩ የቻይና ጉዳይ አዋቂ ናቸው። በአንድ ግብዣ ላይ ጋዜጠኞች ፎቶ ለማንሣት ሲመጡ፣ ካርሎፍ ሊለምናቸው ሲያመነታ ወንድሞቹ ማን የት እንደሚቆም እየተሻሙ ተሰለፉ። ይህን ታሪክ በደስታ ሲያወራው ኖሯል።

ከፍራንከንስታይን በኋላ ያሉት ዓመታት በፊልም የተጨናነቁ ናቸው። በሙሚው (1932) ያንን የተገነዘ ሬሳ ለመምሰል ስምንት ሰዓት ያህል ተቀምጦ ተጠቅልሏል፤ በፊልሙ የሚታየው ግን ለአፍታ ነው። በፍራንከንስታይን ሙሽራ (1935) ዌል ጭራቁን አናገረው፤ ካርሎፍ ይህ ስህተት ነው ብሎ ተቃውሞ ነበር። የማከብረው ሰው ቢሆንም እዚህ ላይ ከዌል ጎን ነኝ። ዐይነ ስውሩ መናኝ ጭራቁን ወደ ጎጆው አስገብቶ፣ እንደ እንግዳ አስተናግዶ፣ በብቸኝነቱ ወዳጅ ስለላከለት ፈጣሪን ሲያመሰግን ጭራቁ እንባውን ያፈሳል። ካርሎፍ በዕድሜው ከሠራው ሁሉ ይህ የሚበልጥ ይመስለኛል፤ የጭራቁ የተሰባበሩ ቃላት ባይኖሩ ደግሞ ግማሹ ይጎድል ነበር። ሦስተኛው የፍራንከንስታይን ፊልም ሲቀረጽ፣ በ1938 ልክ በልደቱ ቀን ሴት ልጁ ሳራ ተወለደችለት።

ወዲያው በ1941 ኒው ዮርክ ላይ ትልቅ መድረክ አገኘ። አርሴኒክ ኤንድ ኦልድ ሌስ በተባለው ኮሜዲ፣ ቦሪስ ካርሎፍን ትመስላለህ ሲባል የሚገድል ወንጀለኛ ሆኖ ተጫወተ። የልጅነት መንተባተቡ እንዳይመለስበት ፈርቶ በልምምድ ጊዜ ሊተወው ዳድቶት ነበር ይባላል። ቲያትሩ 1,444 ጊዜ ታይቷል። የቲያትሩ ፊልም ሲሠራ ሌሎቹ ተዋንያን ሲለቀቁ እሱ ተመልካች የሚስበው ስም ነውና መድረኩ ላይ ቀረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ይህንኑ ቲያትር ይዞ ፓሲፊክ ደሴቶች ላይ ለነበሩ ወታደሮች አሳይቷል።

ከኒው ዮርክ ወደ ሆሊውድ ሲመለስ የፍራንከንስታይን ተከታታዮች ረክሰው አገኛቸው። በዚህ ጊዜ ያነሣው ፕሮዲዩሰሩ ቫል ሉተን ነው፤ በትንሽ ገንዘብ ጥላና ዝምታን ተጠቅሞ የሚያስፈራ ሰው። በቦዲ ስናቸር (1945) ካርሎፍ ለሐኪሞች ሬሳ የሚሸጥ የኤዲንብራ ባለ ጋሪ ሆኖ ሲጫወት ያለ ሜካፕ ነው፤ ፈገግታው ብቻ ይበቃዋል። ሉተን ነፍሴን መለሰልኝ እያለ በምስጋና ያነሣው ነበር። ከሉጎሲ ጋር የተገናኙበት የመጨረሻ ፊልምም ይኸው ነው።

ለጭራቁ አዝነው ይጽፉ የነበሩት ልጆች አድገው ልጆች ሲወልዱ የካርሎፍ ድምፅ ወደ ቤታቸው ገባ። በብሮድዌይ በፒተር ፓን ካፒቴን ሁክን ተጫወተ፤ ለሕፃናት ተረቶችን በሸክላ ቀረጸ። በ1966 በቸክ ጆንስ የካርቱን ፊልም ውስጥ የገናን በዓል የሚሰርቀውን ግሪንች ሆኖ ተረከ፤ ሸክላውም ግራሚ አስገኘለት። ያ ኮልታፋ አንደበት ምንጊዜም አልጠፋም፤ ልጆችን የሚያባብለውም እሱ ነው።

በሕይወቱ መጨረሻ ሳንባው ተጎድቶ፣ እግሩ በብረት ተደግፎ ይሠራ ነበር። ፒተር ቦግዳኖቪች ያን ጊዜ ስሙ ያልታወቀ ወጣት ዳይሬክተር ነበር፤ ካርሎፍ ለፕሮዲዩሰሩ ሮጀር ኮርማን የሁለት ቀን ሥራ ዕዳ ስለነበረበት የቦግዳኖቪች ፊልም ታርጌትስ (1968) በዚያ ሰበብ ተጀመረ። ካርሎፍ ጽሑፉን ስለወደደው አምስት ቀን ሠራ። ከዘመኑ ጋር የተጣላ ሽማግሌ የአስፈሪ ፊልም ተዋናይ ሆኖ፣ ጠመንጃ ይዞ አላፊ አግዳሚውን ከሚገድል አንድ ደመ ቀዝቃዛ ወጣት ጋር ይጋፈጣል። በመካከል ሞትን ስለሸሸ አገልጋይ አንድ የቆየ ተረት ይተርካል፤ ቀረጻው በአንድ ጊዜ ሳይቋረጥ ሲያልቅ ሠራተኞቹ አጨበጨቡለት። ከዚያም በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ፣ ኦክስጅን ጎኑ ሆኖ አራት የሜክሲኮ ፊልሞች ሠርቷል። የካቲት 2 ቀን 1969 በእንግሊዝ ሰሴክስ አረፈ፤ ዕድሜው 81 ነበር። ለንደን ኮቨንት ጋርደን በሚገኘው የተዋንያን ቤተ ክርስቲያን የመታሰቢያ ጽሑፍ አለው።

በ1990ዎቹ ሳራ ካርሎፍ፣ ትንሹ ቤላ ሉጎሲና የሎን ቼኒ ቤተሰብ አባል አንድ ላይ ሆነው የአሜሪካን ፖስታ ቤት ለአባቶቻቸውና ለአያቶቻቸው ቴምብር እንዲያወጣ ወተወቱ። በ1997 አምስት ቴምብሮች ታተሙ። ከተዋንያኑ ሁሉ ሁለት ጊዜ የወጣው ካርሎፍ ብቻ ነው፤ አንዱ ሙሚው፣ ሌላው ያ ዐይነ ከባድ ጭራቅ።