በሩና ወንዙ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝ። በሉ እንግዲህ፣ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ላሟ ሳይሆን ስለ ቆዳዋ ነው። ለዚያም ሞጆ ድረስ እወስዳችኋለሁ።

ሞጆን የማያውቅ መንገደኛ የለም። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ቢሾፍቱን ያለፈ ሁሉ እዚያ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል፤ አንዱ በአዳማ አድርጎ ወደ ጅቡቲ፣ ሌላው በመቂና በዝዋይ ወደ ሐዋሳ። ደረቅ ወደቡ ያለው እዚሁ ነው። ባሕር የሌላት አገር ወደብ ስላማራት ኮንቴነሩን እስከ ሉሜ ሜዳ ድረስ አስመጣችው። አጥሩ ሥር ያሉት ቡና ቤቶች ከማለዳ ጀምሮ ዕቃ ከጉምሩክ በሚያስወጣው ትራንዚተርና በሾፌር ይሞላሉ፤ ወሬው ዲክላራሲዮን ነው፣ ፍተሻ ነው፣ ቀረጥ ነው። የመንግሥት ፖሊሲ ምን እንደሚሠራ ማወቅ የፈለገ ሰው እዚያ አንድ ስኒ ቡና ይዞ ቢቀመጥ ይበቃዋል።

ታዲያላችሁ በ2014 ዓ.ም ገንዘብ ሚኒስቴር ስለ ኤሌክትሪክ መኪና አዲስ ነገር ይዞ መጣ። ተበታትኖ ገብቶ እዚህ ለሚገጣጠመው የጉምሩክ ቀረጡ ዜሮ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚመጣው 5 በመቶ፣ አልቆለት ለሚመጣው 15 በመቶ ሆነ። ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ኤክሳይስና ሱር ታክስ ተነሱለት። ነጋዴው መጀመሪያ አመነታ። «ባትሪው ሲያልቅ ማን ይጠግነዋል? ክፍለ ሀገር ወጥቼ የት ቻርጅ ላደርግ ነው?» አለ፤ እውነቱንም ነበር። ከዚያ በጥር 2016 ዓ.ም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ኤሌክትሪክ ካልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር አይገባም ሲሉ ነገሩ አለቀ። ቤንዚን የሚጠጣውን መኪና ሲያስመጣ የኖረው ሁሉ ፊቱን ወደ ቻይና የኤሌክትሪክ መኪና አዞረ። የቻርጁ ችግር አልተፈታም፤ መኪናው ግን ጎዳናውን ሞላው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ይህን ያመጣው የአየር ንብረት ፍቅር ብቻ አይደለም። ለነዳጅ የሚወጣው ዶላር ነው ያንገበገበን። ባለሥልጣናቱም አልደበቁትም። መብራቱ ከራሳችን ወንዝ ይመነጫል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም አለው። ቤንዚኑ ግን ሁሉም ከውጭ ነው። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ የአገሩ በር ላይ፣ ጉምሩኩ ላይ፣ የቆመ ሕግ በአንድ ጀምበር ይሠራል።

አሁን ወደ ላሟ ቆዳ ልመልሳችሁ።

ሞጆ ከወደቡ በፊት የቆዳ ፋብሪካ ከተማ ነበረች፤ ዛሬም ናት። ሌጦው ጨው ተነስንሶበት ይመጣል። ይዘፈዘፋል፣ በኖራና በሰልፋይድ ጸጉሩ ይረግፋል፣ አሲድ ይጠጣል፤ ከዚያ በሚሽከረከር ትልቅ በርሜል ውስጥ ከክሮም ጋር ሲንገላታ ይቆያል። ሲወጣ እርጥብና ሰማያዊ ነው። ቆዳው ከእንግዲህ አይበሰብስም። ያን ሁሉ ያጠበው ውኃስ? ሞጆ ወንዝ አለ፣ ከሞጆ ወንዝ ቀጥሎ ቆቃ፣ ከቆቃ በታች አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ የተሸከመውን ይዞ እዚሁ አገራችን መሬት ላይ ነው የሚቀረው። ተመራማሪዎች ከሞጆ ወንዝ ውኃ እየቀዱ ሲመረምሩ ክሮሚየም ደጋግመው አግኝተዋል። በዚያው ውኃ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያጠጣ ገበሬ አለ።

ሕግ አልነበረም እንዳትሉ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም ወጣ። ቆየት ብሎ የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ተከተለ፤ ለነባር ፋብሪካዎች የአምስት ዓመት ጊዜ ሰጠ። አምስቱ ዓመት ካለፈ ቆየ።

በ2000 ዓ.ም ደግሞ ሌላ አዋጅ ነበር። ጥሬና በከፊል ያለቀለት ቆዳና ሌጦ ወደ ውጭ ሲላክ 150 በመቶ ታክስ ተጣለበት፤ በ2004 ዓ.ም ክረስት የሚባለው፣ ለፍቶ የማጠናቀቂያ ሥራው ብቻ የቀረው ቆዳም፣ ተጨመረ። ሐሳቡ እሴት ጨምረን እንሽጥ ነው፤ ጥሩ ሐሳብ ነበር። ይህም በሩ ላይ ስለቆመ ወዲያው ሠራ። ግን አስቡት፦ ቆዳውን እዚሁ አልፉት፣ እዚሁ ቀለም ንከሩት ማለት ኬሚካሉን እዚሁ ድፉት ማለትም ነው። አንዱ አዋጅ እጣቢውን አበዛው፣ ሌላው አዋጅ እጣቢውን እንዲከለክል ታዘዘ፤ የሁለተኛው ጠባቂ ወንዝ ዳር የቆመ አንድ ተቆጣጣሪ ነው። ፋብሪካውን ቢዘጋ ዶላሩ ይቀራል፣ ሠራተኛው ይበተናል። ማን ይደፍራል? የማጣሪያ ገንዳ ማሠራት ውድ ነው፤ ሠርቶ ሞተሩን ቀን ከሌት ማዞር ደግሞ ይብሳል። ፋብሪካዎቹን አንድ ላይ ሰብስቦ የጋራ ማጣሪያ የሚሰጥ «የሞጆ የቆዳ ከተማ» የሚባል ውጥን፣ የተባበሩት መንግሥታት የኢንዱስትሪ ልማት ድርጅትም (ዩኒዶ) ያለበት፣ ሲወራለት ዓመታት ተቆጥረዋል። እኔ ከሁሉም የምመርጠው እሱን ነው፤ አንድ ፋብሪካ ብቻውን የማይችለውን አሥር ሆነው ይችሉታል።

ይህን ሁሉ አጥሩ ሥር ላገኘሁት አንድ ሽማግሌ ትራንዚተር አወጋሁለት። ቡናውን አስቀምጦ ሳቀ።

«ወንድሜ፣ ክሮሙ ራሱ በየት የሚገባ መሰለህ? ከውጭ ነው የሚመጣው። በኮንቴነር፣ በዲክላራሲዮን!»

ዝም አልኩ። እሱ ቀጠለ፦

«ለመኪናው ዜሮ፣ አምስት፣ አሥራ አምስት ብለው ከፋፍለውት የለ? ለኬሚካሉም ይክፈሉት። ማጣሪያው እንደሚሠራ ወረቀት ያመጣ ፋብሪካ ቀረጡ ይቅለልለት፤ ያላመጣው ይክፈል።»

«ወረቀቱ በገንዘብ ቢገዛስ?» አልኩት።

«ይገዛል እንጂ! እሱማ ስንቱ ይገዛል» አለ። «ለዚህ ነው ውኃውን የሚመረምረውና ወረቀቱን የሚፈርመው አንድ ሰው መሆን የሌለበት። ያን ያብጁት እንጂ ታሪፉን እኛ በሳምንቱ እንለምደዋለን።»