የእናት ክትባት ለልጅ ስለሚያወርሰው ኃይል

ልጅ መልክንና ጠባይን ከእናቱ እንደሚወርስ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ቢሆንም፣ ደዌን የመቋቋም ኃይል ከእርሷ ወደ እርሱ በምን መንገድ እንደሚደርስ በምርምር ተፈትኖ የተገለጸው ጀርመናዊው ሊቅ ፓውል ኤርሊኽ እ.ኤ.አ. በ1892 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት ነው። ኤርሊኽ ከጉሎ ፍሬ የሚወጣውን ብርቱ መርዝ ጥቂት በጥቂት እየሰጠ አይጦችን ካለማመደ በኋላ፣ ከተለማመደችው እናት የተወለዱት መርዙን ሲቋቋሙ፣ አባታቸው ብቻ የተለማመደው ልጆች ግን እንደማይችሉት ተመለከተ፤ ዳግመኛም ልጆቹን አለዋውጦ ከባዕድ እናት እንዲጠቡ ባደረገ ጊዜ፣ ኃይሉ በማኅፀን ብቻ ሳይሆን በወተትም እንደሚተላለፍ፣ ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ እየመነመነ እንደሚጠፋ አስረዳ።

ይህ ዕውቀት በቤተ ሙከራ ተወስኖ አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ዓ.ም. የታተመ የኒው ጊኒ ጥናት፣ ነፍሰ ጡሮችን በመከተብ አራስ ሕፃናትን ከመንጋጋ ቆልፍ ማዳን እንደሚቻል አሳየ፤ በዚሁ መንገድ የተጓዘችው ኢትዮጵያም ይህን የእናቶችና የአራስ ሕፃናት ደዌ ከሕዝብ ጤና ጠንቅነት ደረጃ ማስወገዷ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. ተረጋገጠ።

ሆኖም ይህ ጸጋ ወሰን አለው፤ ከእናት የተገኘው፣ ደዌን የሚቋቋመው ፀረ እንግዳ አካል በሕፃኑ ደም ውስጥ ሳለ የኩፍኝን ክትባት ስለሚያደክም፣ በአገራችን ይህ ክትባት መሰጠት የሚጀምረው ሕፃኑ 9 ወር ሲሞላው ነው። እንግዲህ የእናት ስጦታ የመጀመሪያዎቹን ወራት ይጠብቃል እንጂ የሕፃኑን ክትባት አይተካምና፣ እናት በእርግዝናዋ፣ ሕፃኑም በየጊዜው ሊከተቡ ይገባል።