ዘጠነኛው ጣሳ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 22 ቀን 1985፣ ማለዳ ላይ ነው። በእንግሊዝ ማንችስተር ኤርፖርት አንድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን 137 ሰዎችን ይዞ ወደ ግሪኳ ኮርፉ ደሴት ለመብረር እየተንደረደረ ሳለ ‹ዷ!› የሚል ድምፅ ተሰማ። ካፒቴኑ ጎማ የፈነዳ መሰለው። ወዲያው በረራውን አቋረጠ፤ ጎማው የባሰ እንዳይጎዳ ብሎም ፍሬኑ በኃይል እንዳይያዝ አደረገ።

ጎማ ግን አልነበረም። የፈነዳው የግራው ሞተር ነው።

የዚያ ዓይነት ሞተር፣ ጄቲ8ዲ ይባላል፣ ዙሪያውን የተደረደሩ ዘጠኝ ማቃጠያ ጣሳዎች አሉት። ታምቆ የገባው አየር ከነዳጅ ጋር ተቀላቅሎ የሚነደው እነሱ ውስጥ ነው። ስስ ብረት ናቸው፤ በየበረራው ይግላሉ፣ ይቀዘቅዛሉ። ስለዚህ ይሰነጠቃሉ። ይሄ በራሱ አያስደነግጥም፣ የታወቀ ነገር ነው፤ ተበይደው ተመልሰው ይገጠማሉ።

ዘጠነኛው ጣሳም በ1983 ዙሪያውን የሚሄድ ስንጥቅ ተገኝቶበት ተበየደ። ችግሩ ታዲያ የቱ ጋ ነው? ብየዳ የሚደፍነው የሚታየውን ስንጥቅ ብቻ ነው። ከጎኑ ያለው ብረት ለዓመታት የደከመ ነው፤ በዚያ ላይ የብየዳው ሙቀት ሌላ ውጥረት ይጨምርበታል። (ተማሪ ሳለሁ የበየድኳትን ብረት በመጎተቻ ማሽን ስፈትናት ብየዳው ንቅንቅ ሳይል ጎኑ ላይ ተበጠሰች። በብየዳዬ ኮርቼ ነበር እኮ!) ለዚህ ነው ከብየዳ በፊትና በኋላ ብረቱን በልዩ ምድጃ አግሎ ማከም የሚያስፈልገው። በዘጠነኛው ጣሳ ላይ ይህ አልተደረገም። በዓይን ለሚያየው ግን ጥገናው ያለቀ ይመስላል።

የዚያን ቀን ጣሳው ተገነጠለ። ቦታውን የለቀቀው እሳት የሞተሩን ሽፋን መታው፣ ሽፋኑም ፈነዳ። የጣሳው ስባሪ ተወርውሮ ከክንፉ ሥር ያለውን የነዳጅ ታንክ ክዳን ሰበረው። ያ ክዳን ከአካባቢው የክንፍ ቆዳ ይልቅ በጣም ደካማ ነበር። ነዳጁ ፈሰሰ፣ ተቀጣጠለ። አውሮፕላኑ ከመንደርደሪያው ወጥቶ ሲቆም ቀላል ነፋስ ነበልባሉን ወደ ተሳፋሪዎቹ ገፋው። 55 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹን የገደለው ጭሱ ነው።

ዛሬ አውሮፕላን ውስጥ ወለሉ ላይ የምታዩት የመውጫ ምልክት መብራት እንዲስፋፋ ከገፋፉት አደጋዎች አንዱ ይሄ ነው። እኔን ግን ከሁሉ የሚከነክነኝ የአውሮፕላኑ የቴክኒክ መዝገብ ነው። ከአደጋው በፊት የግራው ሞተር ፍጥነት ለመጨመር እንደሚዘገይ ተጽፎበታል። ቴክኒሻኖቹ ችላ አላሉትም፤ ሞተሩን አስተካክለው መለሱት። መዘግየቱ ከተሰነጠቀ ጣሳ ሊመጣ እንደሚችል ግን በወቅቱ በሙያው ውስጥ በሚገባ አይታወቅም ነበር።